የመስቀል ዕጣ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የካርድ ክፍሉ ልጅ የታካሚዋን ስም ሲጠይቀኝ እንደ ሁልጊዜው ዝም አልኩ። ባለቤቴ ጴጥሮስ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ ወጥቶ ነበር። ልጁ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ከኋላዬ የተሰለፉ አንዲት ሴትዮ ሳቁና፣ "ምራት ናት፣ የአማቷን ስም አትጠራም። አንተ ለከተማው አዲስ ነህ መሰለኝ" አሉት። እማማ ራሳቸው ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ስማቸውን ተናገሩልኝ። እዚህም አልጽፈውም። ማንም የማያየው ደብተር ቢሆንም እጄ እሺ አይለኝም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። ዶክተር ሰላም ይሏታል። እማማን አግዳሚው ላይ ትተን መጀመሪያ እኔና ጴጥሮስ ገባን። የጡታቸው እብጠት ካንሰር መሆኑን ከዚህ በፊት ነግራናለች። ዛሬ ከአዲስ አበባ የመጣውን ወረቀት አነበበችና ወደ አጥንታቸው መዛመቱን ነገረችን። ጴጥሮስ መነጽሩን ከዓይኑ አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርግ ቆየ።

ከዚያ እማማን አስገባችና ያልጠበቅኩትን መጠየቅ ጀመረች። ቤት ውስጥ ምን ይሠራሉ? ውሃ ማን ይቀዳል? ማን ያበስላል? ገበያስ? ልብሳቸውን ማን ያጥባል? እማማ በሀዲይኛ ነው የሚያወሩት፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ግን ምን ይተረጎማል? መልሱን እያወቅኩት። እኔ ነኝ የምቀዳው። እኔ ነኝ የማበስለው። ገበያም እኔ ነኝ። ማታ እግራቸውን የማጥበውም እኔ ነኝ።

"እሳቸው ምንም አይሠሩም ማለት ነው?" አለች።

"ምንም አላስነካቸውም" አልኳት።

ስመልስ ደስ እያለኝ ነበር። ስለ እማማ ሳይሆን ስለ ምራትነቴ የምጠየቅ መስሎኝ። እማማ አንገታቸውን ደፍተው የነጠላቸውን ጫፍ ይጠቀልሉ ነበር። ሐኪሟ ጻፈች፣ ጻፈች፣ ከዚያ ጴጥሮስን ወደ ኮሪደሩ ጠራችው።

ሲመለስ አላየኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጴጥሮስ ዛሬ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት በር ላይ ቆሞ ነገረኝ። አዲስ አበባ በጉልኮስ መልክ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፣ ግን ከባድ ነው። ለሁሉም ነገር የሰው እጅ የሚፈልግ ሰው አይችለውም። መንገዱም ይጎዳቸዋል። እንዲህ የደከሙ እናቶች ብዙ አይቆዩም። የሕመም ማስታገሻ እየወሰዱ ቤታቸው፣ በልጆቻቸው መሃል ቢሆኑ ይሻላል።

ስንት ጊዜ ብሎ ጠይቋት ነበር። ወራት አለችው። ክረምቱን መሻገራቸውን እጠራጠራለሁ አለችው።

በሩን ዘግቶ ሲወጣ ቆሜ ቀረሁ። እማማ ከውስጥ ሆነው "ጴጥሮስ ዛሬ ምሳውን ረሳ" አሉኝ። እውነትም ረስቶታል፤ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ከሰዓት አበራሽ ከዱራሜ ደወለች። የጴጥሮስ እህት ናት። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ትእዛዝ ጀመረች። ለእናቴ እንዳትነግሯት። ብቻዋን እንዳትተዋት። ማንኪያ እንኳ እንዳታነሳ። እሺ እሺ አልኳት። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? ማንኪያ ካነሱ ስንት ዓመታቸው።

የሚያስጨንቁኝ ነገሮች፦
ሕመሙ ሲጸናባቸው ምን እንደማደርግ።
ሳልነግራቸው ዓይናቸውን እንዴት እንደማየው።
አበራሽ መጥታ ቤቱን በለቅሶ እንዳትሞላው።
እኔ ያለ እሳቸው ምን እንደምሆን። በዚህ ግቢ ከእናቴ ቤት የበለጠ ኖሬያለሁ።

ሐኪሟ የሰጠችን ክኒን ካርቶን ውስጥ ያለችውን ትንሿን ወረቀት አነበብኩ። ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት እንዲህ ካለ ወረቀት ነው፤ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ጴጥሮስ ከሚጥለው የተማሪ ደብተር። ወረቀቷ ስለ ክኒኑ ትናገራለች። ስለ እማማ ምንም አትልም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ የዊጆ ቀን ነበር። የሰፈሩ ሴቶች በየሳምንቱ ቅቤ እናዋጣለን፣ የተጠራቀመውን ደግሞ በየወሩ ዕጣ የወጣላት ትወስዳለች። የአዲሱ ዙር የመጀመሪያ ወር ቅቤ ስለሞላ የሁላችንም ተራ የሚወጣው ዛሬ ነው። ሁላችንም የምንመኘው የመጨረሻውን ነው፤ ለመስቀል ይደርሳልና።

እማማ ዊጆ ቀርተው አያውቁም። ደግፌያቸው ሄድን። ሰብሳቢያችን እትዬ አማረች ወረቀቶቹን ቆብ ውስጥ ጨምራ ስታደባልቅ ቆየችና፣ "የጴጥሮስ እናት ዕጣ አታወጣም። የመጀመሪያውን ትውሰድ፣ ተስማምተናል" አለች።

ማን ከማን ጋር ተስማማ? እኔ አልሰማሁም። ግን ሁሉም ወለል ወለሉን ያያሉ። እዚህ ከተማ ከሐኪም ቤት የወጣ ሰው ወሬው ቀድሞት ቤቱ ይገባል። ሌሎቹ አወጡ፣ ሳቅም ቀልድም አልነበረም። የመስቀሉ ዕጣ ለራሷ ለእትዬ አማረች ወጣ። በሌላ ጊዜ ቢሆን እልል ትል ነበር፤ ዛሬ ወረቀቷን መቀነቷ ውስጥ ከተተች።

እማማ አመሰገኑ። ቅቤውን በኮባ እንደተጠቀለለ ተቀብዬ ወጣን። መንገዱን ስናጋምስ፣

"ባለፈው ዙር የመጀመሪያውን ያለ ዕጣ የሰጠነው ለማን ነበር?" አሉኝ።

አውቃለሁ። ጎረቤታችን የደስታ እናት ነበሩ፣ ሳንባቸውን ታመው። ቅቤውን ወደ ሌላው እጄ አዛወርኩት።

"ቅቤውን ሳትጨርሰው ነው የሄደችው" አሉ እማማ።  ቤት ስንደርስ ቅቤውን ልፈታው ስል እጄን ያዙኝ። እንዳለ ይቀመጥ አሉ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

የዛሬውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። እንደሆነው ልጻፈው።

እማማ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ትቻቸው ገበያ ወጣሁ። ዘንቢሉን ረስቼ ኖሮ ከመንገድ ተመለስኩ። የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። ባንኳኳም መልስ የለም። ወድቀው ይሆናል ብዬ ሰጋሁ። በጓሮ ዞሬ፣ አጥሩ የሳሳበት ጋ ሾልኬ ገባሁ።

እማማ እንሰቱ መሃል ናቸው። ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ በቀኝ እጃቸው ማጭድ ይዘው፣ የደረቀውን ቅጠል ከግንዱ እየቆረጡ ይከምራሉ። ጎንበስ ይላሉ፣ ቀና ይላሉ። አንዴ በጉልበታቸው ተንበረከኩና ማንንም ሳይዙ ተነሱ። መዝሙር ያንጎራጉራሉ።

ቆሜ አየኋቸው። ሲያዩኝ ማጭዱን ጣሉት፣ ስኳር ሲሰርቅ እንደተያዘ ሕፃን።

"ገበያ ሄደሽ አልነበረም እንዴ?"

"ዘንቢል ረሳሁ።"

"በሩን ከፍተሽው እንዳይሆን። ሰው ያያል።"

የቅጠሉ ክምር ላይ አስቀመጥኳቸው። ከጉልበታቸው አፈሩን ሳራግፍላቸው ሳቁብኝ። ከዚያ ነገሩኝ። ገበያ በወጣሁ ቁጥር፣ ጸሎት ቤት በሄድኩ ቁጥር ይሠራሉ። እንሰቱን የሚያጸዱት እሳቸው ናቸው። እኔ ጴጥሮስ ጠዋት ጠዋት የሚያጸዳው ይመስለኝ ነበር። ጴጥሮስ ደግሞ እኔ የማጸዳው ይመስለዋል። ምስጋና ሳንለዋወጥ ስንት ጊዜ ኖርን።

ለምን ደበቁኝ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"አማረች በአጥር በኩል አይታኝ፣ 'በዚህ ዕድሜሽ ምራትሽ ታሠራሻለች?' አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በሩን እዘጋለሁ። ስምሽን እኔ ካልጠበቅኩልሽ ማን ይጠብቅልሻል?"

ይህን ሲሉኝ ነው ሐኪሟ ትዝ ያለችኝ። ውሃ ማን ይቀዳል? ማን ያበስላል? እኔ፣ እኔ፣ እኔ። እማማ አማርኛ ባይናገሩም ይሰማሉ፤ ሆመቾ ገበያ ቅቤ ሲሸጡ ኖረዋል። የመለስኩትን ሁሉ ሰምተዋል።

"ያን ቀን ሐኪሟ ፊት ለምን ዝም አሉ?" አልኳቸው።

"በሰው ፊት ውሸታም ላድርግሽ?"

ማጭዱን ከመሬት አንስቼ ቆምኩ።  ገበያም ሳልሄድ ቀረሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ለጴጥሮስ ነገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ እናቱ ማጭድ ይዘዋል ብሎ። ከዚያ፣ "እንግዲህ ምን ይለወጣል? በሽታው ያው በሽታው ነው" አለ።

እኔ እንዲህ አልኩት። ሐኪሟ ወረቀቱን ያነበበችው መጀመሪያ ነው። ያኔ ወራት አላለችም። ክረምቱን አይሻገሩም ያለችህ እኔ ከመለስኩ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ የነገርኳት የእማማን አቅም አይደለም፣ የቤታችንን ሥርዓት ነው።

 አስተማሪ ነውና በራሱ ሙያ ነው የገባው። "ሳናስፈትናት ነው የጣልናት" አለ።

ሰኞ ልንመለስ ተስማማን። ግን ምን ብለን እንወስዳቸዋለን? መንገር አለብን። ጴጥሮስ እናቱ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ስለ ዝናቡ አወራ፣ እንደገና ጉሮሮውን ጠረገ።

"ተወው ልጄ፣ ዊጆው ነግሮኛል" አሉት። "ወደ አጥንቴ መግባቱንም አጥንቴ ነግሮኛል። አሁን የምፈልገው እኔ ራሴ ከልጅቷ ጋር እንድነጋገር ነው።"

ጴጥሮስ አለቀሰ። እሳቸው አላለቀሱም። ራሱን ዳሰሱለት።

ከሰዓት መጥረጊያ አነሱ። በሩን ልዘጋ ስሄድ ተይው አሉኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ አማቴ ግቢ ይጠርጋሉ፣ እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ። ሰውነቴን ያሳክከኝ ጀመር። እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም። ከሴቱ ሁሉ ተመርጣ በዚያ ያለፈችው እትዬ አማረች ናት።

"ታደለች፣ ጤና የለሽም እንዴ?" አለችኝ፣ ቆም ብላ።

"ጤና ያጣሁት እኔ ነኝ፣ እሷን ተያት" አሉ እማማ፣ መጥረጊያቸውን ሳያቆሙ።

እትዬ አማረች አንገቷን እየነቀነቀች ሄደች። እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ይስማ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ጸሎት ቤት በእግር ሄድን። ባጃጅ ልጥራ ብል እምቢ አሉ። ከመሃል መንገድ አንድ ድንጋይ ላይ አረፉ። ስንመለስ ሁለት ጊዜ አረፉ፣ ፊታቸውም ገረጣ።

ሴቶቹ አፍ አፌን እያዩ ሰላም አሉኝ። አንዷ "አይዞሽ" አለችኝ፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ያበድኩ መስሏት ይሆናል።

ከምሳ በኋላ ገላቸውን ሳጥባቸው ደንቡን ትተን ተነጋገርን። የማይችሉትን አሳዩኝ። የግራ እጃቸው ከትከሻ በላይ አይነሳም። ጀርባቸውን ራሳቸው ማጠብ አይችሉም። ወገባቸው ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳቸዋል። የሕመም ክኒኑን ለሁለት እየሰበሩ ሲወስዱ ነበር፣ ቶሎ እንዳያልቅ ብለው። በዚህ ተቆጣኋቸው። በአማቴ ላይ ድምፄን ከፍ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው። 

አንድ ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር፤ እዚህ ልጻፈው። ነገ ለሐኪሟ ደህና ደህናውን ብቻ ብንነግራት? እጃቸውን ባንጠቅስ? ድንጋዩን ባንጠቅስ? ለእማማ እንዲሁ ነካ አደረግኩላቸው።

"አይሆንም" አሉ። "ዝቅ አድርገሽ ስትነግሪያት የመጣውን አይተናል። ከፍ አድርገሽ ብትነግሪያትስ የማልችለውን መድኃኒት ብትሰጠኝ? እኔን በልኬ ንገሪያት።"

ሰኞ፣ ኅዳር 15

መጀመሪያ እኔ ገባሁ።  ባለፈው የመለስኩት ስለ እኔ እንጂ ስለ እሳቸው እንዳልነበረ ነገርኳት። ስለ እንሰቱ፣ ስለ ተዘጋው በር፣ ሁሉንም። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ፈገግ አለች።

"የእኔም እናት አያቴን ውሃ እንኳ አታስቀዳትም" አለች። "እንዲህ ያለ ቤት አድጌ እኔም አላሰብኩትም። ዛሬ አንድ ነገር ልለምንዎት፤ ይተርጉሙልኝ እንጂ አይመልሱልኝ።" እማማንና ጴጥሮስን አስገባች።

ተረጎምኩ። አፌን ስንት ጊዜ ያዝኩት።

እማማ ሁሉንም ተናገሩ። እንሰቱን፣ መጥረጊያውን። እጁን፣ ድንጋዩን፣ የተሰበረውን ክኒንም። ሐኪሟ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር እንዲነሱ ጠየቀቻቸው፤ ተነሱ። እስከ በሩ ደርሰው እንዲመለሱ አደረገች፤ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ትንሽ ተነፈሱ። ሚዛን ላይ አቆመቻቸው። ሦስት ቃላት ነግራቸው ሌላ ሌላ ስትጠይቅ ቆየችና ቃላቱን መልሳ ጠየቀቻቸው። ሁለቱን አስታወሱ።

"ሦስተኛውን አንቺም ረስተሽዋል፤ እስቲ ንገሪኝ" አሏት።

ስተረጉምላት ሐኪሟ ሳቀች። እውነትም ወረቀቷን አይታ ነው የነገረቻቸው።

ከዚያ ወንበሯን ወደ እሳቸው ሳበች። የተናገረችውን እንዳይጠፋብኝ እየተረጎምኩ በልቤ ያዝኩት።

"እማማ፣ በሽታው ከሰውነትዎ ጨርሶ አይወጣም። ይህን አልደብቅዎትም። ግን ዕድሜ ብቻውን፣ በሽታውም ብቻውን ሁሉን አይነግረኝም። በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ በሽታ ያሉ ሁለት እናቶች እኩል አይቆዩም። ምን ያህል እንደሚበሉ፣ እንዴት እንደሚራመዱ፣ ራሳቸውን እንዴት እንደሚችሉ ብዙ ይናገራል። ባለፈው ሳምንት የገመትኩት ለሌላ ሴት ነበር ማለት ይቻላል።"

የመጣው ወረቀት እንደሚያሳየው የእማማ ዓይነት ካንሰር በሚዋጥ ክኒንም ሊገታ ይችላል አለች፤ ባለፈው ያላነሳችው መንገዱን አይችሉም ብላ ነው። ጉልኮሱ ላያስፈልጋቸው ይችላል። ያንን የሚወስኑት አዲስ አበባ ያሉት የካንሰር ሐኪሞች ናቸው። ወደ እነሱ መላኪያ ጻፈችልን። ማስታገሻውን ደግሞ ሙሉ ሙሉውን እንዲወስዱ አዘዘች።

እማማ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

"ለመስቀል እደርሳለሁ?"

ሐኪሟ ወረቀቱን አጠፈችው። "መድኃኒቱ ከተስማማዎት ይደርሳሉ ብዬ አስባለሁ" አለች። "ከዚያም ሊያልፉ ይችላሉ። ቃል ግን አልገባልዎትም።"

"ቃል ብትገቢልኝ አላምንሽም ነበር" አሉ እማማ። ይህንንም ተረጎምኩ።

ጴጥሮስ ወጥተን መንገድ ላይ ስንደርስ ለአበራሽ ደወለ። አበራሽ ደግሞ ያለ እኔ እንዳትሄዱ ብላ ጮኸች። ዓርብ በማለዳ መናኸሪያ እንድንገናኝ ተስማማን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ጠዋት እማማ ቅቤውን አውጪልኝ አሉኝ። ኮባው እንደታሰረ ነው። በአዲስ ኮባ ደርበው ጠቀለሉት። ልያዝልዎት ብል፣ ግማሹን መንገድ እኔ ግማሹን አንቺ አሉኝ። እንዲሁ እየተቀባበልን እትዬ አማረች ቤት ደረስን። ሴቶቹ የሳምንቱን ቅቤ ይዘው ተሰብስበዋል።

እማማ ቅቤውን እትዬ አማረች ፊት አስቀመጡት።

"ይህን አንቺ ውሰጂና የመስቀሉን ዕጣ ስጪኝ።"

 እትዬ አማረች ቅቤውን አየች፣ እማማን አየች፣ እኔን አየች፣ አንድ ነገር እንድነግራት። እኔ ግን ሰኞ ተምሬያለሁ፤ በእሳቸው ቦታ አልመልስም።

"ለመስቀል ልጆቼ በሙሉ ይመጣሉ" አለች። "ያን ዕጣ ስጠብቅ ስንት ዙር አለፈ።"

"አውቃለሁ።"

"ሌላ ሰው ቢለኝ አልሰጥም ነበር።"

"እሱንም አውቃለሁ።"

ወረቀቷን ከመቀነቷ ፈታች። ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ይዛት ኖራለች። እማማ እጅ ላይ አኖረችና እጃቸውን ሳትለቅ፣

"ሳትደርሺ ብትቀሪ እጣላሻለሁ" አለቻቸው።

"እንግዲያው እንዳንጣላ እሞክራለሁ" አሉ እማማ።

መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አላየሁም። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ የሚያለቅሱትም ጭምር። እማማ በመሃሉ የራሳቸውን የሳምንት ቅቤ አውጥተው እንደ ሌላው ሰጡ። እትዬ አማረች ስንወጣ እስከ በሩ ሸኘችንና ቀስ ብላ በጆሮዬ፣ "ያን መጥረጊያ ግን ቀሚያት" አለችኝ። እሺም እምቢም አላልኳት።

ነገ በማለዳ መናኸሪያ ነን። አዲስ አበባ ምን እንደሚሉን አላውቅም። ክኒን ይሉ ይሆናል፣ ጉልኮስ ይሉ ይሆናል፣ ሁለቱም አይሆንም ሊሉም ይችላሉ። ባለፈው ሳምንት የማይሻገር የነበረው ክረምት አሁን እንደ ሌላው ክረምት ሩቅ ሆኖ ይታየኛል። በዚህ ብዙ እንዳልመካ ለራሴ ነግሬዋለሁ።

ከሰዓት የእማማን ልብስ ላጣጥፍ ወደ ክፍላቸው ገባሁ። አጣጥፈው፣ በፌስታል አስረው ጨርሰዋል። የዕጣዋ ወረቀት በመጽሐፍ ቅዱሳቸው መሃል ጫፏ ይታያል። እሳቸው የሉም።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከእንሰቱ መሃል ማጭድ ይሰማል፤ አንዴ፣ ቆየት ብሎ እንደገና። ነገ መንገድ አለብዎት፣ ይረፉ ልላቸው ተነሳሁ። ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩ።